«ለካርድ ያለው ለኪኒን አያጣም» ላልከው ጌታ

«ለካርድ ብር ያለው ሰው ‹መድኃኒት መግዣ አጣሁ› ሲል አያፍርም?» አልክ አሉ። ማኪያቶህን እያማሰልክ። አራት ሰው ሳቀ አሉ። እኛም ለመሳቅ ነው የመጣነው። ልዩነቱ፣ እነሱ በቀልዱ ሳቁ፣ እኛ በባለቀልዱ። ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል?

መጀመሪያ የትኛውን ካርድ ነው ያልከው? እሷ ያወጣችው የሆስፒታል ካርድ ነው። ለካርድ ከፈለች። ለደም ምርመራ ከፈለች። ሽንቷን ሰጥታ ገንዘብ ጨመረችበት። ሰጪው ከፋይ የሚሆንበት ሌላ ገበያ ካለ አሳየኝ። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ የቀረው ያው ካርዱ ነው። «ለካርድ ያለው» አልክ። ከካርድ በቀር ምንም የላትም እኮ ነው የምንልህ!

የስልኩን ከሆነም እሺ። ሞልታ ማን ጋ የደወለች መሰለህ? ዘመድ ጋ። ለምን? ለኪኒን። ካርዱ ሲያልቅ ነጻውን «ደውልልኝ» ላከች። አንተም ጋ ደርሶ ነበር አሉ። ኔትወርክህ የጠፋው የዚያን ዕለት ነው።

«ሰዋችን ለጤናው ቅድሚያ አይሰጥም» ብለህም ጨምረሃል። ቅድሚያማ ሰጥታለች። የጎደላት ቅድመ ክፍያው ነው።

«እሷ ማን ናት?» ብትለኝ አንዲት ሴት አይደለችም። በየሆስፒታሉ መስኮት ቆማለች። ስሟን ብትጠይቀኝ የወረፋ ቁጥር ነው የምሰጥህ። «ስኳር ተገኝቶብሻል» አሏት። በሸማቾች ሱቅ ስንት ቀን ተሰልፋ ያጣችው ስኳር፣ ለካ ደሟ ውስጥ ተከማችቶ ነው! «ግፊትም አለብሽ» አሏት። «እሱንስ አውቃለሁ፤ የሚገፋኝ አከራዬ ነው» አለች። ሐኪሙ ጻፈ፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። አነበበችው። ገልብጣም አየችው። «ምግቡ የታዘዘው በየትኛው ገጽ ነው?» አለች። ተረብ ማለት ይቺ ናት። አንተ ካፌ ቁጭ ብለህ የምትሞክረው ሳል ነው፤ ታከምበት።

«ካልቻለች ግማሽ ግማሽ ትዋጥ» አልክ። እንዴ ዶክተር! የተማርከውም ግማሽ ግማሽ ነው እንዴ? የግፊት ኪኒን ስለተገመሰ ግፊቱ «እንግዲያው እኔም ግማሽ ልሁን» አይልም። ኪኒን የጾመ ሰው መፍሰኪያው ስትሮክ ነው። ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ እጥበት አለ። በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በየሳምንቱ። ያኔ የኪኒኑን ዋጋ እንደ ድሮ ፍቅረኛ ትናፍቀዋለህ። ቆጠበች ነው ያልከው? አዎ፣ ለእጥበቱ!

አንቲባዮቲኩንማ አታንሳው። የሰባት ቀን ታዘዘ፣ የሁለት ቀን ብር ተገኘ። «አራት ፍሬ ስጠኝ» ተባለ። ደካማው ጀርም ሞተ፣ ጠንካራው ተረፈ። ተረፈ ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱን ለመደው። በአራት ፍሬ ጀርም አሠለጠንን! የተመረቀ ጀርም ደግሞ ሥራ አይመርጥም። ታክሲ ይሳፈራል፣ ሊፍት ይገባል፣ ያንተም ቤት ይመጣል። «እኔ እኮ ገንዘብ አለኝ» ብትለው «ደስ ይላል» ብሎ ይገባል። በድሃ ኪስ ላይ የሳቅካት ሳቅ በአንተው ሳንባ ላይ ስታስል እንሰማታለን።

ቀጥሎ ምን አልክ? «ርካሽ መድኃኒት አይሠራም። የፈረንጁን ትግዛ፣ የህንዱ ዱቄት ነው።» ኧረ ባክህ! ጉበትህን ኢሚግሬሽን አደረግከው እኮ። ኪኒን ሲመጣ ፓስፖርት ይጠይቃል? ይኸውልህ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ታዝዟል። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ስንት ዘመኑ። ዛሬ ማንም ብቃት ያለው ፋብሪካ ይሠራዋል። ውስጡ ያው ሜትፎርሚን ነው። የሚለየው ሳጥኑና ስሙ ነው። አንተ ግን ስም ስታይ ትነሳለህ። ለሳጥን የምትነሳ ሰው ለሽማግሌ ተነስተህ አናውቅም!

ጉሊት ላይ ከቻርጀርና ከማስቲካ ጋር ተደርድሮ የሚሸጠውን አላልኩም። ያንን እንኳን ሰው ጀርሙም አይነካው። የምለው በመድኃኒት ተቆጣጣሪው ተመዝግቦ በፋርማሲ የሚሸጠውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የማዘዣን ጥራት ሲለካ የሚፈልገው ቁጥር 100 በመቶ ነው፤ ሁሉም መድኃኒት በፋብሪካ ስሙ ሳይሆን በመደበኛ ስሙ እንዲጻፍ። ማዘዣው ላይ የፋብሪካ ስም ካለ ፋርማሲስቱ ውዱን ያወጣል፤ መደበኛው ስም ካለ «የቱን ልስጥሽ?» ይላል። ልዩነቱ አንዳንዴ የሳምንት አስቤዛ ነው። አንዲት ቃል መጻፍ አስቤዛ ካተረፈ፣ ጸሐፊው ምን ቸገረው? ለነገሩ ጽሑፉን ማን ያነበዋል! የሐኪም ፊደል ሆኖ።

«ዋጋው የናረው በነጋዴ ስስት ነው» አልክ። አለበት፣ አንክድም። ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የት ነበርክ? ዶላር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለ ዕለት። 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ ነው የሚመጣው። ብሩ ተንሳፈፈ አሉን፤ የሰጠመችው እሷ ናት። ደመወዟ እንዳይሰጥም አንሳፍፉት ብንል ደግሞ ደመወዝ ዋና አልተማረም።

ስለ ዶላር ካነሳን የኢንሱሊንን ወሬ ስማ፣ ቢያንስ ሌላ ቀን ስታወራ ይጠቅምሃል። በ1921 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ተገኘ። ያገኙት ሰዎች መብቱን በ1923 ለዩኒቨርሲቲው ሸጡት። በስንት? በነፍስ ወከፍ 1 ዶላር! አንተ ብትሆን ስሊፐርህንም በዚያ ዋጋ አትሸጥም። ከዚያ ዘመኑ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ሁማሎግ የተባለው የኢንሱሊን ዓይነት በ1996 እ.ኤ.አ. ብልቃጡ 21 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ 275 ገደማ ገባ። ስኳሩ ያው ስኳር ነው። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። የታመመው ዋጋው ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው እየቆነጠረ መወጋት ጀመረ። ጩኸቱ ሲበዛ አምራቹ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. «70 በመቶ ቀነስኩ» አለ። 70 በመቶ የሚቀነስለት ዋጋ መጀመሪያ ምን ሊሠራ እዚያ ወጣ? አየር ሊቀበል?

አንተ ደግሞ «አሜሪካ ያለው ወንድሟ ይላክላት» ትላለህ። ወንድሟ እዚያ ኡበር ነው የሚነዳው። ኢንሹራንስ አለው? አለው። ለመኪናው! ያለሱ መንዳት ሕገወጥ ነው፣ ያለ ጤና ኢንሹራንስ መታመም ግን መብቱ ነው። መኪናው ሌላ መኪና ብትገጭ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። እሱ ሲያስለው ሽንኩርትና ማር ይቀላቅላል። እሱ ራሱ እኮ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው «እባክህ ያንን የግፊት ኪኒን በርከት አድርገህ አምጣልኝ» የሚል ነው! እሷ ከእሱ ሻንጣ ትጠብቃለች፣ እሱ ከእሷ። ሁለቱም ኤርፖርት ቆመው ይተያያሉ፤ አንተ ደግሞ መሐል ቆመህ «ተላላኩ» ትላለህ።

ሳቃችሁ? ወደ ቤት ልመለስላችሁ። ይሄ ጌታ መኪና አለው። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን በየዓመቱ ያድሳል፣ አለዚያ ትራፊክ ያቆመዋል። አዋጅ ነዋ። መስታወቱ ላይ ለጥፎት በኩራት ይነዳል። እስቲ ልጠይቅህ፦ ሦስተኛው ወገን መድን አለው። አንደኛው ወገን ማን ነው? ለሌላው መድን ገዝተህ የራስህን ልብ ሜዳ ላይ ያቆምክ ሰው አንተ እሷን ትመክራለህ?

«ታዲያ መድን ትግባ!» ብለህ ጮህክ። ጭብጨባም የጠበቅክ መሰለኝ። ቆይ። እዚህ ጋ ትንሽ እንቀመጥ፣ ነገሩ ሰፊ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ወረዳ ገብቷል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ ያዋጣሉ፣ ቤተሰቡ ይታከማል። ጨርሶ የማይችለው ድሃ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንለታል። በዚህ ላይ አላሾፍም። ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ የታከመበት ነገር ነው። እኔ የማሾፈው ባንተ ላይ ነው፣ «መድን ትግባ» ብለህ እዚያው ባቆምከው።

መጀመሪያ ነገር፣ መድኑ የተዘጋጀው ለገበሬውና በግሉ ሠርቶ ለሚያድር ነው። ደመወዝተኛውስ? ለእሱማ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣለት። ወጣ። ወጥቶ ለዓመታት ተቀመጠ። አሥር ዓመት ሲያልፈውም መምህሩ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ገበሬው መድን አለው፤ የገበሬውን ልጅ ስለ መድን ጥቅም የሚያስተምረው መምህር ግን ሲያመው ጠመኔ ይውጥ? ነጭ ነው፣ ክብ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ኪኒን ይመስላል!

ሁለተኛው ይብሳል። መድን ገባች እንበል። ደብተሯን ይዛ መጣች። ታከመች። ማዘዣ ይዛ መስኮት ጋ ቆመች። መስኮቱ ምን አላት? «የለም።» ሌላኛውስ? «እሱም የለም።» በዚያ መስኮት ያለ ገደብ፣ ያለ ማዘዣ፣ በነጻ የሚታደል ብቸኛ ነገር «የለም» ነው። ክምችቱ አልቆ አያውቅም። «ከውጭ ግዢ» ትባላለች። ከውጭ ሲሉ ውጭ አገር መሰላት፤ ዋጋውን ስታይማ እርግጠኛ ሆነች። ከነማ ፋርማሲ ሄዳ ተሰለፈች። ከተማ አስተዳደሩ የሚያስተዳድረው ስለሆነ ረከስ ይላል። ሰልፉም ያንኑ ያህል ይረዝማል። ተራዋ እስኪደርስ ጉንፋን ከሆነ ይድናል። መድን ገባች፣ መዳን ግን ገና ወረፋ ላይ ነው።

«የነጻ ወረቀት ታውጣ» አልክ። አወጣጡን ታውቃለህ? ድህነቷን ማስመስከር አለባት። ልብሷ መሰከረ፣ ጫማዋ መሰከረ፣ አልበቃም። ማኅተም ያስፈልጋል። ማኅተም የሚመቱት ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። የስብሰባው አጀንዳ ምን ይሆን? «የተገልጋይ እርካታ»! ነገ ነይ። ከነገ ወዲያ ነይ። የታክሲው ተደምሮ የኪኒኑን ዋጋ አለፈ። ድሃ መሆኗን ለማረጋገጥ ያወጣችው ወጪ፣ በእርግጥም ድሃ አደረጋት። አሁን ወረቀቱ በትክክል ይገባታል!

ይሄን ጊዜ አንገትህን ደፍተህ ትሄዳለህ ብዬ ነበር። አልሄድክም። «በነጻ የተሰጠ ነገር ይባክናል፤ ሰው ያልከፈለበትን አያከብርም» አልክ። ኧረ ተው! የኤች አይ ቪ መድኃኒት በዚህ አገር በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የሚወስደው ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ይውጣል። ልጆቹን አሳድጎ ዳረ። የቲቢ መድኃኒት ነጻ ነው። ክትባት ነጻ ነው። ወሊድ በጤና ጣቢያ ነጻ ነው። ሰው በነጻ የተወለደበትን ነፍስ አላከበረም? በነጻ ተሰጥቶ የባከነ ነገር ከፈለግክ አየሩን ተመልከት። ሳትከፍልበት ተንፍሰኸው፣ ይኸው ለዚህ ወሬ አዋልከው!

የመጨረሻ ምሽግህ ምን ሆነ? «እኛ ሐበሾች እንረዳዳለን፣ ማንም ወድቆ አይቀርም።» እዚህ ላይ ዕድሩን ልጥራልህ። ድንኳን አለው። ወንበር አለው። ጋን የሚያህል ድስት አለው። ጥሩንባ ነፊ አለው። ለመቼ? ስትሞት። ታማ ሦስት መቶ ብር የሚያዋጣላት አላገኘችም፤ ስትሞት ሦስት መቶ ሰው ይቀብራታል። ከዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጠህ ንፍሮ እየቆረጠምክ «ምን ሆና ሞተች?» ብለህ የምትጠይቀው ደግሞ አንተ ነህ። ለታመመም የሚያዋጡ ዕድሮች አሉ፣ እድሜ ይስጣቸው። ያንተ ዕድር ግን ደንቡ ላይ «ኪኒን» የሚል ቃል ካለው አሳየኝ። አየህ፣ «ሬሳ» የሚለው በሁለተኛው አንቀጽ አለ።

አሁን ዞር በልልኝ፣ ከኋላህ የቆመውን ነጭ ጋዋን ላናግረው። ዶክተር፣ እርስዎም ሲስቁ አይቻለሁ። «የእኔ ሥራ ማዘዝ ነው፣ መግዛት የእሷ ነው» ብለዋል አሉ። አዘዙ። ማን ታዘዘልዎ? ኪሷ አመፀ። ያልተገዛ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ብለው ይሆናል፤ ዋናው ጉዳቱ ሌላ ነው። በወሩ ተመልሳ መጣች። ግፊቷ ያው። «እየዋጥሽ ነው?» አሏት። አፈረች። «እየዋጥኩ ነው» አለች። የዋጠችው ምራቋን ነው። እርስዎ ምን አደረጉ? «መድኃኒቱ አልበቃትም» ብለው ሁለተኛ ጨመሩ! ያንዱን መግዣ ላጣች ሴት ሁለት። በሚቀጥለው ወር ሦስት ይሆናል። ማዘዣዋ እየወፈረ፣ እሷ እየከሳች!

አምስት መድኃኒት የተጻፈበትንም አይተናል። ሁለቱ ቫይታሚን። የጎደላት ቫይታሚን ብር ነው፣ እሱን ማን ያዝዝላታል? መስኮቱ ጋ ቆማ ለፋርማሲስቱ «ብሬ ለሁለቱ ነው የሚበቃው፣ የትኛው ይሻለኛል?» ትላለች። ከጀርባዋ ሃያ ሰው ተሰልፎ። በእርስዎ ክፍል መወሰን የነበረበት ሕክምና በመስኮት ቀዳዳ ይወሰናል። አንዳንዴም የምትመርጠው ሲሮፑን ነው፤ ትልቅ ስለሆነ። ዋጋ ያወጣ ይመስላላ!

ማዘዣው ላይ ቢያንስ ቁጥር ቢያደርጉበት ምን አለ? «ይሄ ግዴታ፣ ይሄ ቢገኝ፣ ይሄ ቢቀርም ግድ የለም።» አንድ ዓይነት ከሚሠሩ ሁለት ኪኒኖች ርካሹን ቢጽፉስ? በቀን ሦስቴ የሚወሰደውን በቀን አንዴ በሚወሰድ፣ እኩል ዋጋ ባለው ቢለውጡስ? ይሄን የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፣ እኔም አውቃለሁ። «ስንት ይዘሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የቤት ኪራይ ደላላ ይመስላል፤ ግን ከስቴቶስኮፑ ቀጥሎ ምርጡ መሣሪያ እሱ ነው። ባትሪም አይፈልግ።

እናንተ የከበባችሁ ደግሞ ሳቃችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። ማዘዣ ስትቀበሉ «መደበኛ ስሙን ይጻፉልኝ» በሉ። መስኮቱ ጋ «በዚሁ ስም ርካሹ የትኛው ነው?» በሉ። የማኅበረሰብ መድን የሚመለከታችሁ ካላችሁ የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ ስታመነቱ ያልፋል። ዕድራችሁ ሲሰበሰብ እጃችሁን አውጡና «ለታመመ ስንት?» በሉ። ካልገዛችሁ ደግሞ ለሐኪማችሁ «እየዋጥኩ ነው» አትበሉት። «አልገዛሁትም፣ ብር የለኝም፣ ሌላ ጻፍልኝ» በሉት።